የመልስ ጭነት

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ረዳቱ ጎማ ይደበድባል። ነቀምቴ ከ2 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናትና የጥር ሌሊቷ አጥንት ይሰብራል። ልጁ ጋቢውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ የጎማ መፍቻ ብረት ይዞ መኪናዋን ይዞራታል። አንዱን ጎማ መታ ያደርግና ጆሮውን ያዘነብላል፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የፊቶቹ ሁለት፣ የኋላዎቹ አራት፣ በመጨረሻም ከካሶኒው ሥር የተንጠለጠለችው ስኮርታ። በደንብ የተነፋ ጎማ ብረቱን አንጥሮ ይመልሰዋል፤ አየር የጎደለው «ድም» አድርጎ ይውጠዋል። ከኋላ በግራ በኩል የውስጠኛው ጎማ ጋ ሲደርስ ሁለቴ መታ፤ ቆም ብሎ አሰበና አንዴ ደገመው።

«እንዴት ነው?» አለ ሹፌሩ ከጋቢናው።

«እስከ ጉቲን ያደርሰናል፣ ጋሼ።»

«መመለሻውንስ?»

ልጁ መልስ አልሰጠም። ብረቱን ከወንበር ሥር ወርውሮ፣ ታኮዎቹን ከጎማ ሥር ሰብስቦ ዘሎ ገባ። እኔ በሁለቱ መሃል ተቀምጬ ነበር፤ ጉልበቴ ከማርሹ ጋር ቦታ እየተሻማ።

አንገር ጉቲንን ከዚያ በፊት አንድ ጊዜ አይቻታለሁ። አይቻታለሁ ከምል አልፌባታለሁ ብል ይሻላል። 2005 ዓ.ም. ላይ ነው፤ ከቡሬ ማለዳ የተነሳ አውቶብስ ዓባይን አሻግሮን ወደ ነቀምቴ ስንወጣ ምሳ የበላነው እዚያ ነበር። ምሳው ምን እንደነበር ረስቼዋለሁ። የማንጎው ጭማቂ ግን በክርኔ ሲወርድ፣ አንዲት ሴት ከጀሪካን ውሃ አፍስሳ እጄን ስታስታጥበኝ አሁንም ይታየኛል። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የጭነት መኪና ተደርድሯል። የግማሹ ሰሌዳ «አማ»፣ የግማሹ «ኦሮ» ይላል፤ የሁሉም ላይ ያለው አቧራ ግን ያው ቀይ አቧራ ነው። ያኔ ጉቲን የመንገድ ወገብ ነበረች። የጎጃም ድንች ወደ ወለጋ ሲወርድ፣ የወለጋ በቆሎ ወደ ጎጃም ሲወጣ እዚያ ተገናኝቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ተሰነባብቶ ነው የሚለያየው። ከዚያ ወዲህ ከነቀምቴ ቡሬ የሚዘልቀው መንገድ በጸጥታው መደፍረስ ለዓመታት ሲዘጋና ሲቆራረጥ ቆየ። በዚህኛው ጉዞዬ ወደ ጉቲን የምሄደው የመንገድ መጨረሻ ወደሆነች ከተማ ነው፤ ለዚያውም መኪናውም ኪሳራውም የራሱ ከሆነ ሹፌር ጋር።

መኪናዋ ኤፍኤስአር የሚሏት የአይሱዙ ጭነት መኪና ናት። ትንሿን አይሱዙ አዲስ አበባ «አልቃይዳ» ይላታል፤ ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»። ለኤፍኤስአር እንዲህ ያለ ክፉ ስም ሲወጣ አልሰማሁም። ባለቤቷ ይኼን ስነግረው ደስ ሳይለው አልቀረም፤ መሪውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው። ግማሽ ዋጋዋን በዕቁብ፣ ግማሹን በብድር ነው የገዛት። ከዚያ በፊት 14 ዓመት የሰው መኪና ነድቷል።

«የሰው መኪና ስነዳ ባሌስትራ ሲሰበር ጥላ ፈልጌ እተኛ ነበር» አለኝ። «ደውዬ ተሰበረ እላለሁ፤ ባለንብረቱ ይጨነቃል። አሁን ባሌስትራው ሲሰበር እንቅልፌም አብሮ ይሰበራል።»

የጋቢና ቋንቋ ይገርመኛል። ጋቢና ራሱ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ባሌስትራ፣ ስፖንዳ፣ ስኮርታ፣ ጎሚስታ፣ ቦሎ፣ ሊብሬ፤ ሹፌር አፉን በከፈተ ቁጥር ጣልያንኛ ይናገራል። ወራሪው በ5 ዓመቱ ቢባረርም የመኪናውን ብልት ሁሉ ስም አውጥቶለት ነው የሄደው። ነቀምቴ ላይ ይኼ ለብቻው ፈገግ ያሰኛል። ጣልያን እዚህ መጀመሪያ የመጣው በአየር ነበር። በሰኔ 1928 ዓ.ም. ከከተማዋ አጠገብ ቦናያ ላይ በአውሮፕላን ያረፉትን የኢጣሊያ መኮንኖች የጥቁር አንበሳ አርበኞች ሌሊት ገብተው ደመሰሷቸው፤ አውሮፕላኖቹንም አቃጠሏቸው። ከሟቾቹ አንዱ የአየር ኃይሉ ጄኔራል ማሊዮኮ ነበር። እንግዲህ ሰዎቹ እዚያው ሲቀሩ ቃላታቸው በኋላ በመኪና ገቡ ማለት ነው። ለረዳቱ ይኼን ባወራለት «እና ታዲያ ስኮርታ በአማርኛ ምን ሊባል ነበር?» ብሎ አፋጠጠኝ። መልስ አልነበረኝም።

ከነቀምቴ ወደ አንገር ሸለቆ መንገዱ ይወርዳል። ዑኬ እስኪደረስ ድረስ ሙቀቱ በየኩርባው አንድ ልብስ ያስወልቃል፤ መጀመሪያ ጋቢ፣ ቀጥሎ ሹራብ፣ በመጨረሻ መስኮት። ባሕር ዛፉና አደይ አበባ የመሰለው ደጋ ከኋላ ይቀርና ግራር፣ ረጅም ደረቅ ሣር፣ የበቆሎ አገዳ ቆሞ የቀረበት ማሳ ይመጣል። አንገር ወንዝ ከዚህ ሸለቆ ውሃውን አሰባስቦ ለዴዴሳ ያስረክባል፤ ዴዴሳ ደግሞ ለዓባይ። ዓባይን እንሻገረዋለን የሚል መኪና ስላልነበረ እኔ ይኼን ሁሉ የማስበው በካርታ ነው።

ቁልቁለቱን ስንጀምር ሹፌሩ ማርሽ ቀነሰ፤ መኪናዋ ሞተሯን እያጉረመረመች በእርምጃ ወረደች። ኋላችን የነበረ ሌላ አይሱዙ ጡሩምባውን አሰምቶ እንደ ንፋስ አለፈን። ሞተሩ አይሰማም።

«ፎሌ ነው» አለ ረዳቱ።

ማርሹን አውጥቶ በነጻ መልቀቅ ማለት ነው። ናፍታ ይቆጥባል፤ ቁልቁለቱ በነጻ ያወርድሃል። ፍሬኑ ግን ያንን ሁሉ ክብደት ብቻውን ይሸከማል፤ ሲግል ደግሞ አይዝም። ሹፌሩ ወጣት ሳለ እሱም ያደርገው እንደነበር አልደበቀኝም። ያቆመው አንድ ጓደኛው ጌዶ ቁልቁለት ላይ ከነጭነቱ ከገባ በኋላ ነው። የት እንደገባ አልነገረኝም፤ በአገጩ ወደ ገደሉ አመለከተ። በእኛ አገር ስለ መኪና አደጋ ሲወራ «ከፍጥነት ወሰን በላይ» የምትለው ሐረግ ትበዛለች። እኔ ከዚህ ጋቢና ሆኜ ያየሁት ሌላ ነው። ያ ያለፈን ልጅ የሚቸኩልበት ነገር የለውም፤ ጉቲን ደርሶ ሁለት ቀን ጭነት ሊጠብቅ ነው። የሚያስበው ስለ ናፍታው ነው።

ናፍታ እዚህ መንገድ ላይ ከጸሎት ቀጥሎ የሚነሳ ቃል ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ለሕዝብ ማመላለሻ «የታለመ» ሲያደርገው የጭነት መኪናው ከዒላማው ውጭ ቀረ። ከ2015 ዓ.ም. ሚያዝያ ወዲህ ደግሞ ክፍያው በስልክ ሆነ። ነቀምቴ ላይ ማደያ ደጃፍ ያደርንበትን ሌሊት አልረሳውም። ወረፋው ደርሶን፣ ረዳቱ የሰርባቶዮውን ክዳን ከፍቶ፣ ቀጂው ቱቦውን ይዞ፣ ሹፌሩ ስልኩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ሲቆም ኔትወርክ ጠፋ። ገንዘቡ ስልኩ ውስጥ አለ፤ ናፍታው ጉድጓዱ ውስጥ አለ፤ መሃል ያለው አየር ነው እምቢ ያለው። «ወደ ጎን ያዝ» ተባልንና ከኋላችን የነበሩትም እንደኛው ስልካቸውን ወደ ላይ ሲዘረጉ አየናቸው። ከሩቅ ላየው ሰው ጸበል የሚረጩ ይመስሉ ነበር። አንድ ጎረምሳ በጨለማ ጀሪካን ይዞ መጣ። ሹፌሩ ገዛው። ዋጋውን ጠይቄ ነበር፤ «አትጻፈው» ስላለኝ አልጽፈውም።

ይኼ ሁሉ ወጪ የሚመለሰው ከምንድን ነው? ሰውየው ይኼን ያስረዳኝ የሻይ ብርጭቆዎችን ጠረጴዛ ላይ ደርድሮ ነው። አንዱ ብርጭቆ አዲስ አበባ፣ አንዱ ነቀምቴ፣ አንዱ ቡሬ። ከአዲስ አበባ ነቀምቴ 330 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ከነቀምቴ በጉቲን አድርጎ ቡሬ 250 ያህል፤ ከቡሬ አዲስ አበባ ከ400 ትንሽ ይበልጣል። ድሮ ቀለበቱን ይዞረው ነበር። ከመርካቶ ሳሙና፣ ጨው፣ ቆርቆሮ ጭኖ ነቀምቴ ያራግፋል። ነቀምቴ ያገኘውን ይዞ ጉቲን ይወርዳል። ከጉቲን በቆሎ ወይም አኩሪ አተር ጭኖ ቡሬ ይገባል። ከቡሬ ድንች ወይም ጤፍ ጭኖ አዲስ አበባ እህል በረንዳ ይደርሳል። በአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር ውስጥ ካሶኒው ባዶ ሆኖ የሚሮጠው ከማራገፊያ እስከ መጫኛ ብቻ ነው።

«የሄድክበት ጭነት ናፍታህን ይችላል» አለኝ። «ልጅ የሚያስተምረው የመልሱ ነው።»

አሁን በብርጭቆዎቹ መሃል አንዱ መንገድ ተነስቷል። ጉቲን የወረደ መኪና በመጣበት ይመለሳል። ከጉቲን የሚወጣው ጭነት ከሚገባው መኪና ሲያንስ ሹፌሩ የደላላ ምሕረት ይጠብቃል፤ ዋጋውን ሌላው እስኪሰብር እሱ ቀድሞ ይሰብራል። ቡሬ መድረስ የፈለገ እህል በአዲስ አበባ በኩል ቢዞር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ በቆሎ ያንን ያህል መንገድ ከሄደ ራሱን በልቶ ይጨርሳል። በ2013 ዓ.ም. ቡሬ ላይ ትልቁ የዘይት ፋብሪካ ሲመረቅ ሹፌሩ ሰርግ የተጠራ ያህል ተደስቶ ነበር። የጉቲን ሰሊጥና አኩሪ አተር ከፋብሪካው በር የሚያደርሰው የአንድ ቀን መንገድ ነዋ! ፋብሪካውም አለ፣ ሰሊጡም አለ። ስለ ኢኮኖሚ ብዙ ጥናት ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ አንድ መንገድ ሲዘጋ ምን እንደሚሆን እንደነዚያ ሦስት የሻይ ብርጭቆዎች ያስረዳኝ የለም።

ወደ ጉዟችን ልመለስ፤ ኬላው ጋ ስንደርስ ፀሐይ ወጥታለች። ገመድ በመንገዱ ላይ ተዘርግቷል፤ ጫፉን የያዘው ልጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጥርሱን በመፋቂያ ይፍቃል። ሹፌሩ ከመቆሙ በፊት ሁለት ነገር አደረገ፤ ሬዲዮኑን ዘጋ፣ መነጽሩን አወለቀ። ረዳቱ ሊብሬውን፣ መንጃ ፈቃዱን፣ የጭነቱን ደረሰኝ አንድ ላይ አድርጎ ይዟል።

«አካም ቡልተን?» አለ ሹፌሩ ቀድሞ።

ሰላምታው ተመለሰለት። ምን ጭነሃል፣ ወዴት ነህ፣ ይኼ ሰውዬ ማነው ከተባለ በኋላ ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የምትመጣዋ ጥያቄ መጣች፤ ከየት ነህ?

«ከነቀምቴ» አለ።

«ከነቀምቴስ በፊት?»

«ከጉቲን።»

ገመዱ ወደቀ። ትንሽ ርቀን ከሄድን በኋላ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰና፣ ሳልጠይቀው፣ ከጉቲን በፊት ያለውን ነገረኝ። አባቱ በ1977ቱ ድርቅ ከወሎ በሰፈራ ከመጡት አንዱ ናቸው። ደርግ በዚያን ጊዜ ወደ 600 ሺህ የሚጠጋ ሰው ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ አንስቶ ወደ ምዕራብ ሲያዘዋውር ትልቁን ድርሻ የተቀበለችው ወለጋ ነበረች፤ አንገር ጉቲንም ከሰፈራ ጣቢያዎቹ አንዷ ናት። እሱ ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። እስከ ነቀምቴ በአውቶብስ፣ ከነቀምቴ ወዲህ ይኼንኑ ቁልቁለት በጭነት መኪና፣ ስፖንዳው ላይ አገጩን አስደግፎ እያየ ነው የወረደው።

«መጀመሪያ እኔ ራሴ ጭነት ነበርኩ» አለ።

ታናሽ እህቱ በመጀመሪያው ክረምት በወባ ሞተች። በሕይወት የተረፉት ከጎረቤት ልጆች ጋር ከብት ሲጠብቁ ኦሮምኛ ለመዱ። አሁን ሕልም የሚያየው በየትኛው ቋንቋ እንደሆነ ጠየቅሁት። «ጭነት ሳገኝ በኦሮምኛ፣ ጎማ ሲፈነዳ በአማርኛ» አለ። ረዳቱ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

«ከየት ነህ» በዚህ መንገድ ላይ የዋጋ ሁሉ ዋጋ ነው። የሰሌዳ ፊደል የሚነበበው ከሹፌሩ ፊት ቀድሞ ነው፤ «አማ» የሚል ሰሌዳ እዚህ፣ «ኦሮ» የሚል ሰሌዳ እዚያ ማዶ የሚያስከፍለውን ሹፌሮቹ ይነግሯችኋል። ሰውየው መኪናዋን ሲገዛ ሰሌዳዋ «አአ» እንዲሆን ተጨማሪ መንገድ ሄዷል። ሹፌሮች በየአቅጣጫው ታግተዋል፣ ቤተሰባቸው ገንዘብ ተጠይቋል፣ የተገደሉም አሉ፤ የተቃጠለ መኪና አጥንቱ ብቻ ቀርቶ ቆሞ አይተናል። በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. መንግሥትና የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ታንዛኒያ ውስጥ ሁለት ጊዜ ለድርድር ሲቀመጡ የጉቲን መስመር ሹፌሮች እንደ ማትሪክ ውጤት በሬዲዮን ይጠብቁ ነበር። ሁለቱም ጊዜ ያለ ስምምነት ተበተነ። በመሃሉ በሐምሌ 2015 መጨረሻ በወዲያኛው ጫፍ፣ በአማራ ክልል፣ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። መንገዱ ከሁለቱም ጫፍ ታመመ ማለት ነው። ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሹፌሩ ሲናገር አንድም ጊዜ አልሰማሁትም። በፍርሃት ይሁን በድካም እንጃ። እኔም በኬላው መንገድ ለሚመለስ ሰው ያንን ጥያቄ ማንሳት ነውር መስሎኝ ተውኩት።

ከዑኬ ካለፍን በኋላ መንገዱ ላይ የተቆረጠ ቅጠል ተረጭቶ አገኘን። ከፊት የተበላሸ መኪና አለ ማለት ነው። ባለሦስት ማዕዘኑን አንጸባራቂ ምልክት ሕግ ያዛል፤ አገሬው ግን ቅጠል ነው የሚያምነው። ያ በፎሌ ያለፈን ልጅ ነበር። ገደል አልገባም፤ ተመስገን። ፍሬኑ ግሎ ጭስ ስላወጣ ቆሞ ጎማው ላይ ውሃ ያፈስበታል። ሹፌሬ አቆመ። ስድብ ይኖራል ብዬ ስጠብቅ ጀሪካኑን አውርዶ ሰጠው። «በጋለ ብረት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስ፤ ይሰነጠቅብሃል። ቁጭ በል፣ ሲጋራህን አጭስ፣ በራሱ ይብረድ» አለው። ልጁ «እሺ ጋሼ» አለ፤ እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር።

ከነቀምቴ ጉቲን መቶ ኪሎ ሜትር አይሞላም። ከረፋዱ 5 ሰዓት ገባን።

ሙቀቱን አልገልጸውም፤ ቆላ የሄደ ያውቀዋል። ከተማዋ አሁንም ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተዘርግታለች፤ ቆርቆሮዋ ያብለጨልጫል፤ ባጃጆች ይርመሰመሳሉ። ድሮ መኪናዎች ተደርድረው የነበሩበት ቦታ ላይ አሁን ሦስት አይሱዙና የእኛዋ ቆመናል። ጫኝና አውራጆቹ ከዋርካ ሥር ተጋድመው ነበር፤ የሞተር ድምፅ ሲሰሙ አንድ ላይ ተነሱ፤ የያዝነው ቆርቆሮና ሳሙና መሆኑን ሲያዩ ግማሾቹ ተመልሰው ተኙ። ቆርቆሮ እጅ ይቆርጣል፤ ክፍያው ደግሞ ያው ነው።

አራግፈን እንደጨረስን የመጠበቁ ሥራ ተጀመረ። ሥራ ያልኩት በምክንያት ነው። ሹፌሩ ደላላው ጋ ይሄዳል፤ ደላላው «ነገ» ይለዋል። ነጋዴው ጋ ይሄዳል፤ ነጋዴው «ከደላላው ጋር ተነጋገር» ይለዋል። ረዳቱ መኪናዋን ያጥባል፣ ፍሬኑን ይፈትሻል፣ ያንን ያጠራጠረውን ጎማ አውርዶ ጎሚስታ ጋ ያንከባልለዋል። ከለመዳሪያው ሦስተኛ ጥጋን ተለጠፈበት። ረዳቱ 22 ዓመቱ ነው፤ ደረቅ ሁለት መንጃ ፈቃድ ለማውጣት ይቆጥባል። ሌሊት የሚያድረው ሁልጊዜ ከላይ፣ ሸራው ላይ ነው፤ ገመድ የሚፈታ፣ ናፍታ የሚቀዳ ሌባ ቢመጣ የሚሰማው እሱ ነውና። አልጋ የተኛበትን ቀን ቁጠር ብለው ይቆጥረዋል።

በሁለተኛው ቀን እህል ተራ ዋልን። እዚህ ነው ጉቲንን የወደድኳት። በቆሎው በክምር ነው፤ ባኮ ከነቀምቴ በስተምሥራቅ በአዲስ አበባው መንገድ ላይ ናትና የምርምር ማዕከሏ ያወጣቻቸውን ዝርያዎች ገበሬው በቁጥር ስማቸው ይጠራቸዋል። «ቢኤች 660» ሲል የአክስቱን ልጅ የሚጠራ ነው የሚመስለው፤ «ቢኤች» የባኮ ድቅል ማለት ነው፤ 660 በውጭ አቆጣጠር በ1993 የወጣ ሽማግሌ ዘር ነው። ሰሊጡ ደግሞ ለብቻው ሌላ ዓለም ነው። ገዢው ጫፉ የሾለ ክፍት ቱቦ ከጆንያው ጎን ሰክቶ ያወጣል፤ መዳፉ ላይ ዘርግቶ በአውራ ጣቱ ያሸዋል፤ ይነፋዋል፤ ይቀምሰዋል። የሁመራው ሰሊጥ ነጣ ያለ በመሆኑ ለዳቦና ለጣፋጭ ይመረጣል፤ የወለጋው ጠቆር ቢልም ዘይት አለው። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ በ2000 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ሰሊጥ ወደ መዝገቡ ሲገባ የወለጋው ራሱን ችሎ፣ በራሱ ስም የተለየ ዓይነት ሆኖ ነው የተመዘገበው። ጆንያ ላይ የመርፌ ቀዳዳ ከተገኘ ሰሊጥ እንደ ውሃ ይፈሳል። ስለዚህ ረዳቱ ሰሊጥ ሲጫን ስፖንዳውን በእጁ እየዳበሰ የወጣ ሚስማር ይፈልጋል።

ጆንያ አልኩ እንጂ እዚህ ጆንያ የሚል የለም፤ «ማዳበሪያ» ነው የሚባለው። ነጩ የላስቲክ ከረጢት ዩሪያ ይዞ ይመጣል፤ ዩሪያው መሬት ይገባል፤ ከረጢቱ በቆሎ ይዞ ይመለሳል፤ ስሙ ግን አልተለወጠም። «ስንት ማዳበሪያ በቆሎ አለህ?» ለማያውቅ ሰው የሚያስደነግጥ ጥያቄ ነው። ከረጢቱ ከመኪናው ይሻላል፤ ባዶውን አይመለስም።

ያንን የ2005ቱን ማንጎ ፈለግሁ። ዛፎቹ አሉ። ቅጠላቸውን ገልብጬ ሳየው ግን እንደ ዱቄት የተነሰነሰ ነጭ ነጥብ ሞልቶበታል። ይኼ የማንጎ ነጭ ቅርፊት ነፍሳት ኢትዮጵያ ውስጥ መጀመሪያ የታየው እዚሁ ምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በምትባል ቦታ በ2002 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከዚያ ወደ ሌሎች አካባቢዎች ተዛመተ። ነፍሳቱ ራሱ ሩቅ አይሄድም፤ ሩቅ የሚወስደው ፍሬውና ችግኙ የሚጓዝበት መኪና ነው። ለሹፌሩ ይኼን ስነግረው ደነገጠ፤ ስንት ዓመት ማንጎ እንደጫነ ያሰላ መሰለኝ። «እኛ የጫንነውን እናውቃለን እንጂ በጭነቱ ላይ የተሳፈረውን አናውቅም» አለ። ማንጎ ገዛሁ፤ ጣዕሙ ያው ነው፤ ልጣጩ ግን ፈንጣጣ እንደያዘው ፊት ጠባሳ አለበት። አዲስ አበባ ላይ ጠባሳ ያለው ማንጎ ዋጋው ይወርዳል፤ ዋጋው ሲወርድ ደግሞ የመኪና ኪራዩን አይችልም። ስለዚህ ብዙው እዚያው ከዛፉ ሥር ወድቆ ይበሰብሳል፤ የከተማዋ ጠረን ግማሹ እሱ ነው።

ማታ ገርበብ ያለ በር ካላት ቤት ገብተን ሽሮ በላን። ባለቤቷ ሹፌሩን በልጅነቱ ታውቀዋለች። አንዴ በአማርኛ፣ አንዴ በኦሮምኛ እያለች ስለ እናቱ ጤና ጠየቀችው፤ «አንተማ ነቀምቴ ገብተህ ረሳኸን» ብላ ወቀሰችው። በአንድ ወቅት ለቡሬ ሹፌሮች ብቻ በቀን ሁለት በግ ታርድ ነበር። ግድግዳዋ ላይ አሁንም የዱቤ ሒሳብ በከሰል ተጽፏል፤ ስም፣ ሰሌዳ ቁጥር፣ ገንዘብ። የሰሌዳዎቹን ፊደል አየሁት፤ ግማሾቹ «አማ» ናቸው። ለምን አታጠፊውም ብዬ ጠየቅኋት።

«ይከፍሉኛላ!» አለችኝ፤ እኔ የማይረባ ጥያቄ እንደጠየቅሁ ሁሉ። «መንገዱ ሲከፈት መጥተው ይከፍሉኛል።»

ያን ሌሊት ጋቢና ውስጥ ተኛሁ፤ እግሬን በመስኮት አውጥቼ። ትንኙ አላስተኛኝም። ከላይ ሸራው ላይ ረዳቱ በስልኩ ሙዚቃ ዝቅ አድርጎ ከፍቷል። ሹፌሩ መሪው ላይ ደገፍ ብሎ በባትሪ መብራት ደብተር ይጽፍ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጭነት ተገኘ። በቆሎ ነው፤ 62 ኩንታል። ኤፍኤስአር 100 ትጭናለች። ሹፌሩ ደላላውን 38ቱን ከየት ላምጣ አለው። ደላላው ትከሻውን ነቀነቀ፤ ሌላ ቀን ብትጠብቅ አለው። ሌላ ቀን ማለት ምግብ ነው፣ ጥበቃ ነው፣ የዕቁብ ቀን ማለፍ ነው፤ አልጠበቀም። ረዳቱ ሸራውን ሲወጥር ጭነቱ ከስፖንዳው በላይ ስላልወጣ ሸራው መሃሉ ላይ ሰርጎ ቀረ። «ሆዷ ገባ» አለ።

ዳገቱን ስንወጣ መኪናዋ ቀላል ስለነበረች በቶሎ ወጣን። ይኼ አላስደሰተውም። ነቀምቴ ላይ እኔ ስወርድ ወደ አዲስ አበባ ከመቀጠሉ በፊት ደብተሩን አሳየኝ። ዝርግ ሰንጠረዥ ነው፤ በግራ «ሂያጅ»፣ በቀኝ «መልስ»፣ ከሥር ናፍታ፣ ኬላ፣ ጎማ፣ ምግብ። ወደ ኋላ ገለጥኩት። በመልስ ረድፉ ውስጥ ቡሬ የምትለው ቃል መጨረሻ የተጻፈችው በግንቦት 2013 ነው፤ ድንች፣ 95 ኩንታል። ከዚያ ወዲህ ያለው የመልስ ረድፍ በሙሉ የሚጀምረው «አአ» ብሎ ነው፤ በመካከሉም «ባዶ» የሚል ቃል 31 ጊዜ ቆጠርኩ።